ሚኪን ማን ሳለው?

የአሜሪካ ካርቱን ሲነሳ ሁላችንም አፍ ላይ ቀድሞ የሚመጣው አንድ ስም ነው፤ ዋልት ዲስኒ። ሚኪ ማውስን ማን ሳለው ብላችሁ መንገደኛውን ሁሉ ብትጠይቁ መልሱ ያው ዲስኒ ነው። እንግዲህ ቅር እንዳይላችሁ፤ ሚኪን በወረቀት ላይ ያስሮጠው እጅ የሌላ ሰው ነው። ሰውየው ኧብ አይወርክስ ይባላል። ነገሩ የሆነው በ1928 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. እያልን እንዳናሰለቻችሁ)። ዲስኒና ባልደረቦቹ ኦስዋልድ የሚባል ጥንቸል ፈጥረው ገበያው ደርቶላቸው ነበር። የጥንቸሉ ባለመብት ግን ዩኒቨርሳል ሆኖ ተገኘ። አከፋፋዩ ቻርልስ ሚንትዝ ደግሞ አብዛኞቹን ሠዓሊዎች አስኮብልሎ ዲስኒን ባዶ እጁን አስቀረው። አልከዳም ካሉት ጥቂቶች አንዱ አይወርክስ ነበር። አዲሱን አይጥ ሲስል በቀን እስከ 700 ስዕል ያወጣ ነበር ይባላል። ዋልት ሐሳቡንና ቆየት ብሎም ድምፁን ሰጠ፤ እርሳሱን የያዘው ግን አይወርክስ ነው።

ይህን የምናነሳው ዋልትን ለማሳነስ አይደለም፤ ሰውየው ትልቅ ነው። የአሜሪካን አኒሜሽን ታሪክ ስናገላብጥ ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ዓይናችን ውስጥ ገባ። የአሳሳሉ ስልት በተለወጠ ቁጥር ከጀርባው ወይ ጠብ አለ፣ ወይ የገንዘብ እጥረት አለ፣ ወይ የሰው እንጀራ የነጠቀ ማሽን አለ። መጻሕፍቱ “ሊቁ እገሌ አዲስ ስልት ፈጠረ” ብለው ያልፉታል። እኛ ደግሞ ስማቸው ያልተጻፈውን ሰዎች ፈልገን ነበር።

ከመጀመሪያው እንነሳ። በ1914 የጋዜጣ ሠዓሊው ዊንሰር ማኬይ ጌርቲ የምትባል ዳይኖሰር ስሎ መድረክ ላይ ይዟት ወጣ። እሱ በአካል መድረክ ላይ ቆሞ ያዝዛታል፣ እሷ በስክሪኑ ላይ ትታዘዛለች፣ ሲቆጣት ታለቅሳለች። ተመልካቹ ጉድ አለ። ነገር ግን ያን ጊዜ እያንዳንዱ ወረቀት ላይ ከዳይኖሰሯ ጋር ተራራውም ሐይቁም እንደ አዲስ መሳል ነበረበት። ያንን ተራራና ሐይቅ በሺህ በሚቆጠሩ ወረቀቶች ላይ ሲገለብጥ የኖረው አንድ ወጣት ረዳት ነው። በዚያው ዓመት ኧርል ኸርድ የተባለ ሰው መፍትሔ ይዞ መጣ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ የሴሉሎይድ ወረቀት፣ በሙያው ቋንቋ “ሴል”። የሚንቀሳቀሰውን ሴሉ ላይ ትስላላችሁ፣ የጀርባው ስዕል አንድ ጊዜ ተስሎ ከሥር ይቀመጣል። አለቀ። አሜሪካ ለሰባ ዓመት ያህል ካርቱን የሠራችው በዚህ ዘዴ ነው።

ሒሳቡን እስኪ አብረን እንሥራው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያልፋል። የሰባት ደቂቃ ካርቱን 10,080 ምስል ነው ማለት ነው። አንዱን ስዕል ሁለት ሁለት ጊዜ እያነሡ ቢቆጥቡ እንኳ ለአንድ ገጸ ባሕርይ ብቻ አምስት ሺህ ስዕል ይጠበቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ የሚባለው ተረት እዚህ ላይ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ካርቱን ገና ከጠዋቱ የፋብሪካ ሥራ ሆነ። ፋብሪካ ካለ ደግሞ አለቃና ሠራተኛ አለ፤ አለቃና ሠራተኛ ካለ የደመወዝ ጥያቄ አለ።

ኒው ዮርክ ውስጥ የነበረው የማክስ ፍላይሸር ስቱዲዮ ከዲስኒ ፍጹም የተለየ መንፈስ ነበረው። ገጸ ባሕርያቱ አጥንት የላቸውም፤ እጅና እግራቸው እንደ ጎማ ቱቦ ይጠማዘዛል፣ ዕቃው ሁሉ ይጨፍራል። ቤቲ ቡፕ በ1930፣ ፖፓይ በ1933 ከዚህ ቤት ወጡ። ፍላይሸር ሮቶስኮፕ የተባለውን መሣሪያም የፈለሰፈ ሰው ነው፤ በፊልም የተቀረጸን ሰው ምስል በምስል እየተከተሉ መሳል። የጃዙ ንጉሥ ካብ ካሎዌይ በ1932 እንደ መንፈስ ሲንሸራተት የምታዩት በዚህ ዘዴ ነው። ከ1934 ጀምሮ የሆሊዉድ የሥነ ምግባር ደንብ ሲጠብቅ ቤቲን ቀሚሷን አስረዘሟት፣ ጨዋ የቤት ልጅ አደረጓት፣ ወዟም አብሮ ሄደ። በ1937 የፍላይሸር ሠራተኞች አድማ መቱና ለአምስት ወር ገደማ ጎዳና ላይ ቆሙ። ስቱዲዮው በቀጣዩ ዓመት ጓዙን ጠቅልሎ ማህበር ደካማ ወደሆነበት ወደ ማያሚ ሄደ።

ሆሊዉድ ውስጥ ደግሞ ዲስኒ ሌላ ነገር እያበሰለ ነበር። የሱ ሕልም ካርቱን ክብደት እንዲኖረው ነው። ድንክዬው ሲወድቅ መሬቱ እንዲሰማው፣ ልዕልቲቱ ስታለቅስ ሰው አብሮ እንዲያለቅስ። “ስኖው ዋይት” በታኅሣሥ 1937 ሎስ አንጀለስ ሲታይ ያ ሕልም ተሳካ። ወጪው አንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር ነበር፤ ብዙዎች “ዲስኒ አብዷል” ሲሉ ከርመው ነበር። 83 ደቂቃ። ከላይ ያደረግነውን ሒሳብ እናንተው ቀጥሉበት።

የስኖው ዋይትን ጉንጭ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ያ ለስላሳ ቅላት በእርሳስ የተሳለ አይደለም። የቀለም ክፍሉ ሴቶች ሴሉ ላይ አንድ በአንድ፣ በእጃቸው፣ ልክ ለራሳቸው እንደሚቀቡት አድርገው የቀቡት ነው። በዚህ ክፍል በመቶ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ይሠሩ ነበር። አኒሜተሩ በእርሳስ የሳለውን በቀጭን ብዕር ሴሉ ላይ ይገለብጣሉ፣ ገልብጠው ከጀርባ ቀለም ይሞላሉ። እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ስክሪኑ ላይ መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ደመወዛቸው በሳምንት 20 ዶላር ገደማ ነበር፤ ከፍተኛዎቹ አኒሜተሮች ደግሞ ከ200 በላይ ይወስዳሉ። በፊልሙ የስም ዝርዝር ላይ ስማቸው የለም። አኒሜተር ለመሆን ያመለከተች ሴት ምን ይገጥማት እንደነበረ ደግሞ በ1938 ከስቱዲዮው የወጣ አንድ የታወቀ ደብዳቤ ይነግረናል። በአጭሩ እንዲህ ይላል፤ የፈጠራውን ሥራ የሚሠሩት ወጣት ወንዶች ናቸው፣ ለሴቶች ያለን ቦታ መገልበጥና ቀለም መሙላት ነው። በቃ። (ፍላይሸር ቤት ሊሊያን ፍሪድማን የተባለች ሴት ከ1933 ጀምራ አኒሜተር ነበረች። ስለዚህ “ዘመኑ ነው” የሚለው ማመካኛ ብዙም አያስኬድም።) በዲስኒ ፊልም ላይ በአኒሜተርነት ስሟ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈላት ሴት ሬታ ስኮት ናት፤ በ1942 “ባምቢ” ውስጥ የሚያሳድዱትን አስፈሪ የአደን ውሾች የሳለቻቸው እሷ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ጠብ እንግባ። የስኖው ዋይት ገንዘብ ሲጎርፍ ሠራተኛው ጉርሻ ጠበቀ። ገንዘቡ የሄደው ግን በርባንክ ላይ ወደተገነባው አዲስ ስቱዲዮ ነው። በ1940 “ፒኖኪዮ” እና “ፋንታዥያ” ወጡ፤ የአውሮፓ ገበያ በጦርነቱ ተዘግቶ ሁለቱም ከሰሩ። ወሬው ሁሉ ስለ ቅነሳ ሆነ። በዚህ መሐል አርት ባቢት የሚባል ሰው ተነሣ። ባቢት ተራ ሠራተኛ አይደለም፤ የስኖው ዋይትን ክፉ ንግሥት፣ የፋንታዥያን ጨፋሪ እንጉዳዮች የሳለ፣ ጥሩ የሚከፈለው ሰው ነው። ዝም ቢል ኑሮው ሙሉ ነበር። እሱ ግን ከማኅበሩ ጋር ቆመ፤ ዲስኒም አባረረው። በማግስቱ፣ በግንቦት መጨረሻ 1941፣ መቶዎች እርሳሳቸውን አስቀምጠው በሩ ላይ ሰልፍ ወጡ። ሰልፈኞቹ ሠዓሊዎች ናቸውና መፈክራቸውን በራሳቸው ካርቱኖች አስጊጠውት ነበር። ሚኪና ፕሉቶ በፈጣሪያቸው ላይ ሲያምፁ አስቡት!

አድማው ወራት ፈጀ። ዋልት ነገሩን እንደ ልጅ ክህደት ነው ያየው፤ እስከ መጨረሻውም ይቅር ያለ አይመስለንም። በነሐሴ በመንግሥት ድጋፍ ለመልካም ግንኙነት ጉብኝት ወደ ደቡብ አሜሪካ ሲሄድ እዚህ ቤቱ በሽምግልና ለማኅበሩ ተፈረደ። ማኅበሩ እውቅና አገኘ፣ ደመወዝ ተሻሻለ። ባቢትም በሕግ ተሟግቶ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ብዙ ግን አልቆየም። በዚያው ዓመት በወጣው “ደምቦ” ውስጥ ሰካራሞቹ ቀልደኞች አለቃቸው ዘንድ ደመወዝ ጭማሪ ሊጠይቁ ሲሄዱ የምታዩት፣ በአድማተኞቹ ላይ የተሰነዘረች ፌዝ ናት የሚሉ አሉ። ብታዩዋት የምትስማሙ ይመስለናል።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነው እኛን በጣም የገረመን። ከዲስኒ ከወጡት መካከል ዛክ ሽዋርትዝ፣ ዴቪድ ሂልበርማንና ስቲቨን ቦሱስቶ ተሰባስበው ዩፒኤ የሚባል ቤት አቋቋሙ። ከመጀመሪያ ሥራዎቻቸው አንዱ በ1944 በመኪና ሠራተኞች ማኅበር ገንዘብ ለሩዝቬልት ምርጫ የተሠራ ቅስቀሳ ነው። ብስጭታቸው በደመወዝ ብቻ አልነበረም። “ካርቱን ስዕል ነው፤ ለምን እውነተኛ ጫካ ለመምሰል ይለፋል?” የሚል ጥያቄ ነበራቸው። በ1950 “ጄራልድ ማክቦይንግ ቦይንግ” የተባለውን አጭር ፊልም ሲያወጡ መልሱ ታየ። ታሪኩ ቃል ሳይሆን ድምፅ ብቻ ከአፉ ስለሚወጣ ሕፃን ነው። ክፍሉ ግድግዳ የለውም፤ አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ የቀረው ባዶ ቀለም ነው። ልጁ ሲከፋው ቀለሙ አብሮ ይጨልማል። እንቅስቃሴው ጥቂት ነው፤ ግን እያንዳንዷ ታስቦባታል። ኦስካር ወሰደ፤ ዲስኒም ራሱ ከጊዜ በኋላ ከዚህ ስልት ተበድሯል።

ታዲያ ዕድላቸው አላማረም። በጥቅምት 1947 ዋልት ዲስኒ በዋሽንግተን የኮሚኒስት አዳኙ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ስም ጠራ፤ ከጠራቸው አንዱ ሂልበርማን ነው። የ1950ዎቹ ጥቁር መዝገብ ደግሞ የዩፒኤን ምርጥ ሰው ጆን ሀብሊን በ1952 ከቤቱ አስወጣው። ሀብሊ ከሚስቱ ፌዝ ጋር በራሱ መሥራት ጀመረ። በ1959 “ሙንበርድ” ላይ የገዛ ልጆቻቸውን የጨዋታ ወሬ ቀርጸው በላዩ ሳሉበት። ያም ኦስካር አገኘ።

እስካሁን ስለ በግስ በኒ ትንፍሽ አላልንም። ዋርነር ቤት ቴክስ አቬሪና ቸክ ጆንስ የሠሩት ለብቻው ጽሑፍ ይፈልጋል። በ1953 የወጣውን “ደክ አመክ” ብቻ እንጠቁማችሁ፤ ዳክዬው ዳፊ የገዛ ሠዓሊው ሲያሠቃየው ታያላችሁ።

ቶምና ጄሪስ? ሁለቱን በ1940 የወለዷቸው ዊሊያም ሃናና ጆሴፍ ባርቤራ ለኤምጂኤም ሰባት ኦስካር አምጥተዋል። ቃል ስለማይተነፍሱ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም፤ አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቃቸዋል። ኤምጂኤም ግን በ1957 የካርቱን ክፍሉን ዘጋው። ሁለቱ ሰዎች ወደ ቴሌቪዥን ሲዞሩ የጠበቃቸው በጀት ከድሮው አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ጭንቅላቱን ብቻ ማንቀሳቀስ፣ ሌላውን ማቆም ሆነ ዘዴው። ዮጊ የሚባለው ድብ ልብስ ሳይለብስ ኮሌታና ከረባት ያሠረው ለምን ይመስላችኋል? ኮሌታው አንገቱ ላይ ያለውን መገጣጠሚያ ይሸፍናል፤ ጭንቅላቱ ሲናገር ገላው ሌላ ሴል ላይ ተኝቷል። ዩፒኤ ወዶ የቀነሰውን እነሱ ሳይወዱ ቀነሱት። ስልቱ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ይመስላል፤ እኛ ግን ልዩነቱ ይታየናል።

አይወርክስን አልረሳነውም። በ1930 ከዲስኒ ተለይቶ የራሱን ስቱዲዮ ሞክሮ፣ ሳይሳካለት በ1940 ተመልሶ፣ ከዚያ በኋላ እርሳሱን ትቶ የማሽን ሰው ሆነ። በ1959 የወጣው “ስሊፒንግ ቢዩቲ” ስድስት ሚሊዮን ዶላር በልቶ ስላከሠረ ቤቱ ወጪ መቀነስ ነበረበት። አይወርክስ የዜሮክስን የኮፒ ማሽን አስተካክሎ የአኒሜተሩን ስዕል በቀጥታ ሴሉ ላይ እንዲያትም አደረገው። በ1961 የወጣው “መቶ አንድ ዳልማሺያን” ሙሉ በሙሉ በዚህ ተሠራ። ያን ሁሉ ነጠብጣብ ውሻ በእጅ መገልበጥ የማይታሰብ ነበር። ከዚያ ፊልም ጀምሮ የዲስኒ መስመር ጥቁርና ሻካራ ሆነ፤ ዋልት አልወደደውም፣ እኛ እንወደዋለን። ነገር ግን በዚያች ማሽን ምክንያት ብዕር ይዘው መስመር ይገለብጡ የነበሩት ሴቶች ብዙዎቹ ከሥራ ወጡ። ሚኪን የሳለው ሰው የሠራት ማሽን ናት።

አንድ ሌላ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በእነዚህ ወርቃማ በሚባሉ ዓመታት ጥቁር ሰው ስክሪኑ ላይ ይቀርብ የነበረው በአብዛኛው ለመሣቂያ፣ በተጋነነ ከንፈር ነው። በ1968 የዋርነር ካርቱኖችን ይዞ የነበረው ኩባንያ 11ዱን ለቴሌቪዥን አይመጥኑም ብሎ ከሥርጭት አውጥቷቸዋል። ከጠረጴዛው ጀርባም ብዙ የተለየ አልነበረም፤ የዲስኒ የመጀመሪያው ጥቁር አኒሜተር ፍሎይድ ኖርማን የተቀጠረው በ1956 ነው።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። ሥራው ወደ እስያ መሄድ ሲጀምር የሆሊዉድ ሠዓሊዎች በ1979 እና በ1982 አድማ መቱ፤ የኋለኛው ሽንፈት ነበር፣ ሥራውም ሄደ። በ1990 ዲስኒ ቀለም መሙላቱን ለኮምፒዩተር ሰጠና ሴል ታሪክ ሆነ። በ1995 “ቶይ ስቶሪ” መጣ። በ2004 ዲስኒ በእጅ የሚሳል ፊልም አልሠራም አለ፤ በ2009 “ዘ ፕሪንሰስ ኤንድ ዘ ፍሮግ”ን ይዞ ተመለሰ፤ ከ2011 በኋላ ደግሞ ረጅም ፊልም በእጅ ሙሉ በሙሉ ስሎ አላወጣም። በ2018 “ስፓይደር ቨርስ” ወጣቱን ማይልስን እንደ ድሮው በሰከንድ 12 ስዕል አድርጎ ሲያንቀሳቅሰው ሁሉም “አዲስ ስልት!” ብሎ ጮኸ። በ2024 መጨረሻ የአኒሜሽን ሠራተኞች ማኅበር ከስቱዲዮዎቹ ጋር ውል ሲዋዋል ትልቁ ርዕስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነበር። ውሉ በድምፅ ጸደቀ፤ ከተደራዳሪዎቹ መካከል ሳይቀር ግን ጥበቃው ደካማ ነው ብለው በይፋ የተቃወሙ ነበሩ።

በዚያው ዓመት ጥር አንድ ቀን የሚኪ የመጀመሪያው ባለድምፅ ፊልም፣ የ1928ቱ “ስቲምቦት ዊሊ”፣ አሜሪካ ውስጥ የባለቤትነት መብቱ አብቅቶ የሕዝብ ሆኗል። ስምንት ደቂቃ አይሞላም፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ታገኙታላችሁ። ስትከፍቱት አይጡ ማፏጨት ከመጀመሩ በፊት ያለችውን የርዕስ ሰሌዳ አንብቧት፤ ከዲስኒ ስም ጋር የአይወርክስም ስም ተጽፎባታል።