ሦስት ዲግሪ፣ ሁለት ጠረጴዛ

ሲቪል ኢንጂነሪንግ የጨረሰ ጓደኛ ያለው ሰው ይህችን ጥያቄ ሳይሰማት አይቀርም፦ «ማስተርስ ልቀጥል ወይስ ሳይት ልግባ?» ብዙ ጊዜ የምትነሣው ማኪያቶ ላይ ነው፤ መልሷም እንደ መላሹ ኑሮ ይለያያል። ሳይት የገባው «አርማታ ዲግሪህን አይጠይቅህም» ይላል። ማስተርሱን የያዘው ደግሞ «የመጀመሪያ ዲግሪማ ማን የሌለው አለ?» ባይ ነው። እኔ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ስለሆነ በብረትና በሲሚንቶ ጉዳይ የመፍረድ ሥልጣን የለኝም። ታሪክ ማውራት ግን ማንም አይከለክለኝም፤ ለዚህች ጥያቄ ደግሞ ከአንድ የቤንጋል ልጅ ታሪክ የተሻለ አላገኘሁም። (ዓመታቱን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ተቀበሉኝ።)

ሰውየው ፋዝሉር ራህማን ካን ይባላል። በ1929 ዳካ ተወለደ፤ አባቱ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ካልካታ አጠገብ ሺብፑር በሚገኘው የምህንድስና ኮሌጅ ትምህርቱን ሲከታተል በ1947 ህንድና ፓኪስታን ተለያዩ፤ የእሱ ዳካም የምሥራቅ ፓኪስታን ከተማ ሆነች። ማለትም ልጁ በአንድ አገር የጀመረውን ትምህርት ሳይጨርስ ሌላ አገር ሆኖ አገኘው። በ1950 የሂንዱና የሙስሊም ግጭት ሲነሣ ወደ ዳካ ተመለሰና በአህሳኑላህ የምህንድስና ኮሌጅ ጨረሰ።

በ1952 ሁለት በር በአንድ ጊዜ ተከፈተለት፦ የአሜሪካው የፉልብራይት ስኮላርሺፕና የፓኪስታን መንግሥት ስኮላርሺፕ። በዚያ ሰሞን እኛም ዘንድ የምህንድስና ኮሌጁ አዲስ አበባ ላይ ገና መተከሉ ነበር፤ ከዚያ ከፍ ያለ ትምህርት የፈለገ ኢትዮጵያዊ እንደ ካን ሻንጣውን ማሰር ነበረበት።

ካን የሄደው ወደ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ኧርባና ወደምትባል፣ ዙሪያዋን የበቆሎ ማሳ ወደከበባት ትንሽ ከተማ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ማስተርስና አንድ ፒኤችዲ ያዘ። አዎ፣ በሦስት ዓመት! አንዱ ማስተርስ በስትራክቸራል ኢንጂነሪንግ፣ ሌላው በንድፈ ሐሳብና በተግባራዊ ሜካኒክስ፤ በ1955 ዶክትሬቱ። ዛሬ ለአንድ ማስተርስ ቲሲስ ብቻ ሁለት ዓመት የሚጎተት ጓደኛ ካላችሁ ይህንን አታንብቡለት።

ለፒኤችዲው ያጠናው ፕሪስትረስድ ኮንክሪት ስለሚባለው ነገር ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አርማታ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ በውስጡ ያለፈውን የብረት ገመድ ወጥሮ አርማታውን አስቀድሞ መጨቆን። ከሼልፍ ላይ ዐሥር መጽሐፍ በሁለት መዳፋችሁ ከግራና ከቀኝ ጨምቃችሁ አንሡ፤ አጥብቃችሁ እስከያዛችሁ ድረስ መሐል ያሉት አይወድቁም። ድልድይ በዚህ ዘዴ ይሠራል። ካን ደግሞ እንዲህ ያለው ቢም በምን በምን መለኪያ ቢነደፍ ይሻላል የሚለውን በስሌት ፈተሸ።

የደረሰበትም ጊዜ ልዩ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ኢሊያክ የሚባለውን ኮምፒውተሩን ሥራ ያስጀመረው በዚያው በመስከረም 1952 ነው። አምስት ቶን የሚመዝን፣ 2,800 አምፖል መሰል ቱቦዎች የተሰኩበት ጉድ። የኮምፒውተር ላቦራቶሪውን ይመሩ የነበሩት ደግሞ የሲቪል ኢንጂነሪንጉ ፕሮፌሰር ናታን ኒውማርክ ነበሩ። ድንገት አይደለም። አንድ ረጅም ሕንፃ በመቶዎች የሚቆጠሩ መገጣጠሚያዎች አሉት፤ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ የራሱን እኩልታ ያመጣል፤ እሱን ሁሉ በእጅ መፍታት የሰው ዕድሜ ይበላል። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው፦ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከመጽሐፉ እኩል የሚጠቅመው የሚውልበት ኮሪደር ነው።

በ1955 ቺካጎ፣ ስኪድሞር ኦዊንግስ ኤንድ ሜሪል የሚባል ትልቅ የአርክቴክቸርና የምህንድስና ድርጅት ገባ። በ1957 ግን ወደ አገሩ ተመለሰ። ካራቺ ላይ የተሰጠው ቦታም ቀላል አልነበረም፤ የካራቺ ልማት ባለሥልጣን ኤግዚኪዩቲቭ ኢንጂነር ሆነ። አሁን ልብ በሉ። ሦስት ዲግሪ ይዞ የመጣ የ28 ዓመት ወጣት፣ የዋና ከተማው ልማት መሥሪያ ቤት፣ ትልቅ ጠረጴዛ… ከዚህ በኋላ ሕንፃ በሕንፃ ላይ ይነሣል ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። የሆነው ሌላ ነው። የአስተዳደር ሥራው ዲዛይን አላሠራ አለው። ለቢሮው ተሾመ፣ ለሙያው ግን ጊዜ አጣ። የኛ አገር አንባቢ ይህን ለመረዳት ካራቺን ማወቅ አያስፈልገውም፤ «ኃላፊ» ተደርጎ ከእስኪርብቶና ከማኅተም ሌላ መሣሪያ ያልያዘ መሐንዲስ በየሰፈሩ አለ።

በ1960 ካን ቺካጎ ወዳለው ጠረጴዛው ተመለሰ። መንግሥት ያስተማረው ሰው አገሩን ጥሎ ሄደ የሚል አይጠፋም፤ ወቀሳው ባዶ ነውም አልልም፤ የድሃ አገር ገንዘብ ነው። ግን እኮ ሰውየው መጥቶ ነበር። መጥቶ ሦስት ዓመት ቆይቷል። ያልተፈለገው እሱ ሳይሆን እውቀቱ ነው፤ ሁለቱን ለያይቶ የማያይ ወቀሳ ደግሞ ለእኔ ግማሽ ወቀሳ ነው።

ከዚያ በኋላ የሠራውን ዓለም ያውቀዋል። ፎቅ ከፍ ባለ ቁጥር ትልቁ ጠላት ክብደቱ ሳይሆን ነፋስ ይሆናል። በድሮው ዘዴ ነፋሱን ለመቋቋም ፎቅ በተጨመረ ቁጥር ብረቱ ከሚገባው በላይ ይጨምራል፤ ወጪውም አብሮ። ካን ኮለኖቹን ወደ ሕንፃው ዳር አውጥቶ አቀራረባቸው፤ ውጪያዊው ግድግዳ በሞላው እንደ አንድ ቱቦ ነፋሱን ይሸከም አለ። ቀርከሃን አስቡ፤ ውስጡ ባዶ ነው፣ ጥንካሬው ቆዳው ላይ ነው። ሐሳቡ በ1960ዎቹ አጋማሽ ቺካጎ ውስጥ ዴዊት ቼስትነት በተባለ የመኖሪያ ፎቅ ላይ ተሞከረ። በ1969 ደግሞ ጆን ሃንኮክ ሴንተር መጣ፦ 100 ፎቅ፣ 344 ሜትር፣ ፊቱ ላይ ትልልቅ የኤክስ ምልክቶች የታሰሩበት። ለአንድ ካሬ ሜትር ወለል የፈጀው ብረት 145 ኪሎ ገደማ ነው፤ የኒውዮርኩ ኢምፓየር ስቴት ወደ 206 ኪሎ ፈጅቷል። ቀጥሎ ዘጠኝ ቱቦዎች በአንድ ላይ የታሰሩበት ሲርስ ታወር፣ 442 ሜትር፣ እስከ 1998 ድረስ ከዓለም አንደኛ (ዊሊስ ታወር የተባለው በ2009 ነው)። ለማነጻጸር ያህል፣ አዲስ አበባ ላይ አንገታችንን የሚያስቀናን የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ነው።

አሁን ወደ ማኪያቶዋ ጥያቄ የሚወስደኝ ነገር እነሆ። የሃንኮክ ኤክስ ከየት መጣ? ከተማሪ ቲሲስ ነው። በ1953 ማይረን ጎልድስሚዝ የተባለ ሰው በኢሊኖይ ኢንስቲቲዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ (ካን ከተማረበት የተለየ፣ ቺካጎ ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት ነው) ለማስተርሱ ስለ ረጅም ሕንፃና ስለ መጠን ጻፈ፤ ሰያፍ ማሰሪያ ያለው ፎቅ ያኔ ወረቀት ላይ ነበር። ጎልድስሚዝ በኋላ የካን የሥራ ባልደረባ ሆነ፤ ሁለቱም ማታ ማታ እያስተማሩ አይደለም ቢሮ የሚውሉት እስኪባል ድረስ ከዚያ ትምህርት ቤት ጋር ተሳስረው ተማሪ ያማክሩ ነበር። በ1964 ሚኪዮ ሳሳኪ የሚባል ተማሪያቸው ፊቱን በሰያፍ ያሰረ ረጅም የቢሮ ሕንፃ ለመመረቂያው አጠና። አምስት ዓመት አልፎ ሃንኮክ ቆመ። ቢሮው ጥያቄ ያመጣል፣ ተማሪው ያሰላል፣ መልሱ ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፤ በመንገዱ ላይ መዝገብ ቤት የለም።

የእኛ ልጆችስ ቲሲስ? ጠርዘው ያስረክባሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ጥራዙ ሼልፍ ላይ ይወጣል። ስለ ጥቁር አፈር፣ ስለ ኮብልስቶን፣ ስለ ኮንዶሚኒየም መሠረት የተጻፈ ስንት ነገር አለ! ቦሌና ገርጂ ላይ በየክረምቱ የሚያብጠው፣ በየበጋው የሚሰነጠቀው ያ አፈር የቤቱን ግድግዳ ሲሰነጥቅ ኮንትራክተሩ ያንን ጥራዝ ሊጠይቅ የሚሄድበት መንገድ የቱ ነው? ጓደኛዬን ይህንን ጠየቅኳት። «አንቺ ደግሞ፣ አማካሪዬ ራሱ ሁሉንም ገጽ ማንበቡን እጠራጠራለሁ» ብላ ሳቀች።

ካን አገሩን ረሳ ብላችሁ እንዳትደመድሙ። በ1971 ምሥራቅ ፓኪስታን ባንግላዴሽ ለመሆን በደም ስትታጠብ፣ ቺካጎ ላይ ቤንጋሎችን አሰባስቦ ዕርዳታ የሚያሰባስብና ለነጻነቱ የሚሟገት ማኅበር አቋቋመ። የታጎርን ዘፈኖች መዝፈን ይወድ ነበር። ሀገሩ ላይ ያልቆመው ፎቁ ነው እንጂ ልቡስ…

ከመጨረሻዎቹ ሥራዎቹ አንዱ እኛንም ይነካናል። ጂዳ የሚገኘው የሐጅ ተርሚናል፣ በ210 የጨርቅ ድንኳኖች የተሸፈነው፣ የእሱና የባልደረቦቹ ሥራ ነው፤ በ1981 ተከፈተ። ከቦሌ ተነሥተው ለሐጅ የወረዱ ስንትና ስንት እናቶችና አባቶች ከዚያ ጣራ ሥር ተሰልፈዋል። ካን በመጋቢት 1982 ለሥራ ሳዑዲ ሄዶ ሳለ እዚያው ጂዳ ላይ ልቡ ቆመ፤ 52 ዓመቱ ነበር። አስከሬኑ ወደ ዳካም ወደ ካራቺም አልሄደም። ቺካጎ፣ ግሬስላንድ በሚባለው መቃብር ተቀበረ።