አምራቹ የተወው ማጫወቻ ለምን አልሞተም?

በ2024 መጀመሪያ (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሎጂቴክ የተባለው የኮምፒውተር ዕቃዎች አምራች አንድ ድረ ገጽ ዘጋ። ድረ ገጹ ስኩዊዝቦክስ የሚባሉትን የቤት ሙዚቃ ማጫወቻዎች ከኢንተርኔት ሬዲዮና ከሙዚቃ አገልግሎቶች ጋር የሚያገናኝ ነበር። ኩባንያው ማጫወቻዎቹን የተዋቸው በ2012 ስለሆነ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ያህል አገልግሎቱን ሳይዘጋ መቆየቱ ሊያስመሰግነው ይገባል። ብዙ አምራች ይህን ያህል አይታገስም። የሚገርመው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ገመዱ ተነቅሎ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል የተባለው ሳጥን በብዙ ሰው ሳሎን ውስጥ ምንም እንዳልተፈጠረ መዝፈኑን ቀጠለ።

ምክንያቱን ለማግኘት ወደ 2000 መመለስ ያስፈልጋል። ናፕስተር ከመጣ አንድ ዓመት ሆኖታል። ሰው ሁሉ ኮምፒውተሩን በኤምፒ3 ፋይሎች ሞልቶታል። ኮምፒውተሩ ያለው መኝታ ቤት ወይም ጥናት ክፍል ነው፤ ጥሩው አምፕሊፋየርና ትልልቆቹ ስፒከሮች ደግሞ ሳሎን ናቸው። በመካከላቸው ግድግዳ አለ። ግድግዳውን ለመሻገር ያለው አማራጭ ሲዲ መቅዳት፣ ረጅም ገመድ መዘርጋት፣ ወይም ማራገቢያው የሚጮህ ኮምፒውተር ሳሎን ማስገባት ነበር። የመጨረሻውን የሞከሩት ሰዎች ከሙዚቃው ይልቅ ማራገቢያውን ሲሰሙ ያመሹ ነበር።

በዚያው ዓመት ሾን አዳምስ የተባለ መሐንዲስ ካሊፎርኒያ ውስጥ ስሊም ዲቫይስስ የሚባል ትንሽ ኩባንያ መሠረተ፤ በ2001ም ስሊምፒ3 የተባለውን ዕቃ ለገበያ አቀረበ። ሳጥኑ ውስጥ ሃርድ ዲስክ የለም። ያለው ደማቅ የጽሑፍ መስኮት፣ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ፣ ወደ አምፕሊፋየር የሚሄድ የድምፅ መውጫና ሪሞት ነው። ዘፈኖቹን የሚያውቃቸው፣ በአልበምና በዘፋኝ የሚደረድራቸው፣ በመስኮቱ ላይ የሚታየውን ጽሑፍ ሳይቀር አሰናድቶ የሚልከው ሌላ ክፍል ያለው ኮምፒውተር ላይ የተጫነው ፕሮግራም ነው። ሳጥኑ የተላከለትን ተቀብሎ ወደ ድምፅ ይለውጣል፤ ሥራው ይኸው ነው። በአጭሩ፣ ሆን ተብሎ ደደብ ሆኖ የተሠራ ዕቃ ነው።

ሁለተኛው ውሳኔ ከዚህ ይበልጣል። ፕሮግራሙ ኦፕን ሶርስ ሆኖ ተለቀቀ፤ ማንም ኮዱን አንብቦ፣ አሻሽሎ፣ መልሶ ማሰራጨት ይችላል። ገዢዎቹ ራሳቸው ስህተት እያረሙ፣ በየቋንቋቸው እየተረጎሙ፣ አዳዲስ ተጨማሪዎች እየጻፉ አሳደጉት። ይህን ከልግስና ብቻ የመጣ አድርጎ ማየት የዋህነት ነው፤ ጥቂት ሰው ያለው ኩባንያ ደመወዝ የማይጠይቅ ባለሙያ ማግኘቱን አይጠላም። ይሁን እንጂ ፈቃዱ አንዴ ከተሰጠ በኋላ ማንም መልሶ ሊወስደው አልቻለም። ከሃያ ዓመት በኋላ ዋጋ ያወጣውም ይኸው ነው።

ሙዚቃው የሚቀመጥበት ቦታም በዚያው ዘመን እየተለወጠ ነበር። አንድ ሲዲ በሰከንድ 44,100 ጊዜ የተለካ ድምፅ ይይዛል፤ እያንዳንዱ ልኬት 16 ቢት ነው፤ ግራና ቀኝ ሁለት ቻናል አለ። ሲባዛ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይሆናል፤ አንድ ሰዓት ሙዚቃ ከ600 ሜጋባይት በላይ ማለት ነው። ኤምፒ3 ይህን ወደ አንድ አሥረኛ የሚያወርደው ጆሮ ልብ አይለውም የተባለውን እየጣለ ነው። በ2001 ጆሽ ኮልሰን ያወጣው ፍላክ ግን ምንም ሳይጥል መጠኑን ወደ ግማሽ ግድም ያሳንሳል፤ ሲፈታ ሲዲው ላይ የነበረው ቢት በቢት ይመለሳል። አንድ ሺህ ሲዲ በፍላክ ሲቀመጥ ከግማሽ ቴራባይት ባነሰ ቦታ ያልቃል። ለ2001 ሃርድ ዲስክ ይህ የማይታሰብ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የአንድ ተራ ዲስክ እኩሌታ ሆነ።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩን ሌትና ቀን ከማብራት የሚያድን ዕቃ መጣ። በኔትወርክ ላይ ተሰክቶ ፋይል ብቻ የሚያቀርብ ማከማቻ በመሥሪያ ቤቶች የታወቀ ነበር፤ በ2000ዎቹ እንደ ሲኖሎጂና ኪውናፕ ያሉ ኩባንያዎች አሳንሰው ወደ ቤት አስገቡት። ኢንፍራንት የተባለ ኩባንያ ደግሞ ሬዲናስ በሚለው ሳጥኑ ውስጥ የስሊም ዲቫይስስን ፕሮግራም አብሮ ጭኖ ይሸጥ ነበር። ዛሬ ድረስ የሚሠራበት አደረጃጀት ያኔ ተሟላ፦ ሁለት ዲስክ የያዘ ሳጥን ኮሪደር ላይ ከራውተሩ አጠገብ፣ ማጫወቻው ከአምፕሊፋየሩ ሥር፣ በመካከላቸው ተራ የኔትወርክ ገመድ።

ተራ የሚለው ቃል ይሰመርበት። በሃይፋይ ዓለም ለኔትወርክ ገመድ የመኪና ጎማ ዋጋ የሚጠይቁ ነጋዴዎች አሉ። 1,411 ኪሎቢት ዘገምተኛ ለሚባለው 10 ሜጋቢት ኔትወርክ እንኳ ቀላል ሸክም ነው፤ በመንገድ የተበላሸ ቁራጭ ካለ መሣሪያዎቹ ራሳቸው ደግመው ይላላኩታል። ያ ገንዘብ ሌላ ዲስክ ተገዝቶበት ሌላ ቤት ቢቀመጥ ይሻላል። ምክንያቱም ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት ነገር መያዛቸው ብዙዎችን ያዘናጋል። በ1988 የበርክሌይ ተመራማሪዎች ሬይድ ብለው ስም ያወጡለት አሠራር አንዱ ዲስክ ሲሞት ሌላው እንዲቀጥል ያደርጋል። አልበም በስህተት ሲደመሰስ ግን ከሁለቱም ላይ እኩል ይደመሰሳል። ሌባም ሲመጣ ሳጥኑን ከነሁለቱ ዲስክ ይዞ ነው የሚሄደው።

ሎጂቴክ ስሊም ዲቫይስስን በ2006 በ20 ሚሊዮን ዶላር ግድም ገዛ። በዚያው ዓመት ትራንስፖርተር የተባለ የ2,000 ዶላር ማጫወቻ ወጣ፤ በኋላም ለኩሽና የሚሆኑ ትንንሽ ሬዲዮዎች ተከተሉ። የፕሮግራሙ ስም ገዢው ግራ እስኪጋባ ተለዋወጠ፦ ስሊምሰርቨር፣ ስኩዊዝሴንተር፣ ስኩዊዝቦክስ ሰርቨር፣ ሎጂቴክ ሚዲያ ሰርቨር። እስከዚያው ግን ስፖቲፋይ በ2008 አውሮፓ ውስጥ፣ በ2011 አሜሪካ ውስጥ ሥራ ጀምሮ ነበር። በየወሩ ትንሽ ከፍሎ ሁሉንም መስማት ሲቻል ሲዲ እየገለበጠ የሚያስቀምጥ ሰው እንደ ቆራሌው ማሰባሰብ የሚወድ መሰለ። በ2012 ሎጂቴክ ስኩዊዝቦክስን ተወው።

ድረ ገጹ በ2024 ሲዘጋ የማጫወቻዎቹ ባለቤቶች ለሁለት ተከፈሉ። ፕሮግራሙን በቤታቸው ማከማቻ ላይ የጫኑት ብዙም የተለየ ነገር አላዩም። ለትንሿ ሬዲዮ የኩባንያው ድረ ገጽ ይበቃኛል ብለው የኖሩት ግን አንድ ቀን መልስ የማይሰጥ ዕቃ ታቅፈው ቀሩ፤ ዕቃው እንዲመለስ ያንኑ ፕሮግራም ፈልገው ቤታቸው መጫን ነበረባቸው። ፕሮግራሙ የተገኘውም ኮዱ ከመጀመሪያው ክፍት ስለነበረ ነው። በጎ ፈቃደኞች ተረክበው ሊሪዮን ብለውታል። አሮጌው ሳጥን የተቃጠለበት ሰው ደግሞ ራስበሪ ፓይ የምትባለውን የመዳፍ ስፋት ያላት ኮምፒውተር ስኩዊዝቦክስ ነኝ እንድትል አድርጎ ይጠቀማል።

ከዚህ ተነሥቶ ዲስኩ ቤት ውስጥ ካለ ሁሉ ሰላም ነው የሚል ሰው የ2021ን ሰኔ ያስታውስ። ዌስተርን ዲጂታል ማይ ቡክ ላይቭ የሚባል የቤት ማከማቻ ሸጦ ነበር፤ ከ2015 ወዲህ ግን የደኅንነት ማሻሻያ አልሠራለትም። አንድ ማለዳ በየአገሩ ያሉ ባለቤቶች ሳጥናቸው እንደ አዲስ ባዶ ሆኖ አገኙት። በኢንተርኔት በኩል የገባ ሰው ሁሉን ደምስሶ ወደ ፋብሪካ ይዞታው እንዲመለስ አዞት ነበር። ምርመራው ሲወጣ የባሰ ነገር ተገኘ፦ ከመደምሰሱ በፊት የይለፍ ቃል የሚጠይቁት የኮድ መስመሮች ቀደም ሲል በራሱ በአምራቹ እንዳይሠሩ ተደርገው ነበር። ዲስኩ የባለቤቱ ነው፤ ክፍሉም የባለቤቱ ነው፤ በሩ ግን ወደ ጎዳና ተከፍቶ ይኖር ነበር። የስኩዊዝቦክሱ ባለቤት የተረፈው ዲስኩ ኮሪደሩ ላይ ስላለ ብቻ አይደለም፤ ማዘዣውም እዚያው ስለነበረ ነው። ለሙዚቃ የተገዛ ማከማቻ ከራውተሩ ወዲያ ለማንም መታየት አያስፈልገውም።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ጉዳዩ የሩቅ አገር ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ሆኖም በሰኔ 2020 ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ ከውጭ የሚመጣ ሙዚቃ ሁሉ ዝም ብሏል፤ የቤት ውስጥ ኔትወርክ ግን ለዚያ ፈቃድ አይጠይቅም። ብዙ ሰው ሙዚቃ የሚያከማቸው ቴሌግራም ላይ ነው፤ ቻናሉ የተዘጋ ቀን አልበሙም አብሮ ይሄዳል። እርግጥ እዚህ ዋናው ጠላት መብራት ነው። ማከማቻው እየጻፈ ሳለ ድንገት ከጠፋ ፋይል ይበላሻል፤ ስለዚህ ዩፒኤስ ከጌጥ አይቆጠርም።

ትልቁ ሥራ ደግሞ ካሴቱ ነው። የየሙዚቃ ቤቱ ካሴት ሁሉ ወደ ኢንተርኔት አገልግሎቶች አልገባም፤ ማግኔቱ ግን በየዓመቱ እየደከመ ነው። የአንድ ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ አቋራጭ ብሎ ነገር የለም። ከዚያ ስም መጻፍ ይመጣል። ጥላሁንን አንዱ «ገሠሠ»፣ ሌላው «ገሰሰ» ብሎ ከመዘገበው ፕሮግራሙ ሁለት ዘፋኝ አድርጎ ለየብቻ ይደረድራቸዋል፤ ሐ፣ ሀ እና ኀም እንዲሁ። የመጀመሪያውን ካሴት ከመክተት በፊት ቤተሰቡ በአንድ አጻጻፍ መስማማት አለበት።