ሞተሩን ተዉት፣ ወለሉን እዩ፦ የዳትሰን 240ዜድ ታሪክ ለገዢ

የዛሬዋ ጽሑፍ ረዘም ትላለችና ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ ከቨርጂኒያ ፎቶዎች ላከልኝ። ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ኮፈኗ የረዘመ ኩፔ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ቲቸር፣ የ1972 ዳትሰን 240ዜድ ናት። ሞተሯ እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው። ያጠራቀምኩትን በሙሉ ላወጣባት ነው፤ ምን ይመክሩኛል?» ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ኮፈኑ ተከፍቶ ሞተሩ ከሦስት አቅጣጫ ተነስቷል። ከሥር የተነሳ ግን አንድም የለም።

የምለውን በስልክ ነግሬዋለሁ። ነገር ግን ሌሎቻችሁም በውስጥ መስመር ስለ አሮጌ ስፖርት መኪና ስለምትጠይቁኝ፣ እኔም ዕድሜዬን ታሪክ ሳስተምር ስለኖርኩ፣ ነገሩን ከሥሩ ላውራው። የዚህች መኪና ጉድለቷም ሆነ ጥንካሬዋ ከአወላለዷ የመጣ ነውና ታሪኳን ያወቀ ሰው የት ጎንበስ ብሎ ማየት እንዳለበትም ያውቃል።

አገር ቤት ላደግን ሰዎች ዳትሰን ሲባል የሚታየን ፒክአፕ ነው፣ አይደል? ስሙ ራሱ ደስ የሚል ታሪክ አለው። «ዳት» የሦስት ጃፓናውያን ባለሀብቶች ስም መነሻ ፊደላት ናቸው፦ ዴን፣ አዮያማ እና ታኬኡቺ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ትንሿ መኪና ስትወጣ «የዳት ልጅ» ለማለት በእንግሊዝኛ «ሶን» ጨመሩበት። ችግሩ «ሶን» በጃፓንኛ ኪሳራ ማለት ነው! ስለዚህ ፊደል ቀይረው «ፀሐይ» አደረጉት። ኒሳን ይህን ስም ይዞ ነው አሜሪካ የገባው።

አሜሪካ ላይ ነገሩን ያንቀሳቀሰው ሰው ዩታካ ካታያማ ይባላል። በ1909 ተወልዶ በ2015 በ105 ዓመቱ ያረፈ፣ መኪና ከልቡ የሚወድ ሰው ነበር። በ1958 የዳትሰን ቡድን ይዞ አውስትራሊያን የሚዞረውን ከባድ ውድድር ገብቶ በክፍሉ አሸንፎ ተመለሰ። በኩባንያው ውስጥ ግን ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር አልተስማማም፤ አለቆቹም ብዙ አልወደዱትም። በ1960 ወደ አሜሪካ ሲላክ ሹመት ይባል እንጂ ለግዞት የቀረበ ነበር። እሱ ግን እዚያው ሆኖ ገበያውን አጠና። አሜሪካኖች የእንግሊዝና የጀርመን ስፖርት መኪና ይወዳሉ፤ የእንግሊዙ ይሰበርባቸዋል፣ የጀርመኑ ይወደድባቸዋል። የማይሰበርና የማይወደድ ቢመጣስ?

ጃፓን ላይ የዮሺሂኮ ማትሱኦ ቡድን ቅርጹን ሠራ። (ጀርመናዊው ዲዛይነር አልብረክት ጎርትዝ ሥራው የኔ ነው እያለ ለዓመታት ተከራክሯል። ከኒሳን ጋር ቀደም ሲል መሥራቱ እውነት ነው። እኔ ግን የማትሱኦ ወገን ነኝ።) በጥቅምት 1969 መኪናዋ ወጣች። ጃፓን ውስጥ «ፌርሌዲ ዜድ» አሏት። ካታያማ በዚህ ስም ለአሜሪካ ወንድ ስፖርት መኪና አልሸጥም ብሎ መርከብ ላይ ከመጡት መጀመሪያዎቹ መኪኖች ጽሑፉን አስነቅሎ በኩባንያው የውስጥ መጠሪያ 240ዜድ አስለጠፈባቸው።

ዋጋዋ 3,526 ዶላር ነበር። የዚያን ጊዜ ፖርሽ 911 ለመግዛት እጥፍ ገደማ ያስፈልግ ነበር። በዚህ ዋጋ ባለ ስድስት ሲሊንደር 2,393 ሲሲ ሞተር፣ በፋብሪካው ስሌት 151 የፈረስ ጉልበት፣ አራቱም ጎማ ለየብቻ የሚንቀሳቀስበት እገዳ፣ የፊት ዲስክ ፍሬን። እንዴት ተቻለ? አንደኛው ምክንያት የምንዛሪ ነው፤ እስከ 1971 ድረስ አንድ ዶላር በ360 የን ተቆልፎ ነበር፤ የጃፓን ዕቃ ለአሜሪካዊ ርካሽ የነበረው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ለገዢ ከሁሉ የሚጠቅመው ነው፤ ኒሳን ለዚህች መኪና ብሎ ከባዶ የሠራው ነገር ጥቂት ነው። ኤል24 የሚባለው ሞተሯ የዳትሰን 1600 ሞተር ታላቅ ወንድም ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 83 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 73.7 ሚሊሜትር፤ ሁለቱም ላይ አንድ ነው። አራቱ ላይ ሁለት ሲሊንደር ቢጨመር ስድስት ሆነ፤ ይኸው ነው። ያው ኤል16 ደግሞ ፒክአፑም ላይ ተገጥሟል። እንግዲህ ይህ ሞተር ሲሚንቶ ጭኖ ዳገት ከሚወጣ ቤተሰብ ነው የመጣው። ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም፤ ዘይቱን በጊዜው የቀየረለት፣ የቫልቩን ክፍተት (ሞተሩ ሲሞቅ ማስገቢያው 0.25፣ ማስወጫው 0.30 ሚሊሜትር) የጠበቀለት ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያገለግለዋል።

ገንዘቡ ሞተሩ ላይ ካልተጎደለ የት ተጎደለ? ላሜራው ላይ። ላሜራዋ ቀጭን ነው፣ የዝገት መከላከያዋም እጅግ ደካማ ነው። በዚያ ዘመን የጣሊያንም የእንግሊዝም መኪና ይዝግ ነበር፤ ነገር ግን የዚህችን ለየት የሚያደርገው ውኃ የሚያጠራቅሙ ኪሶች መብዛታቸው ነው። የአሜሪካ ሰሜናዊ ግዛቶች ደግሞ በክረምት መንገዳቸው ላይ ጨው ይበትናሉ። ቀሪውን ገምቱት።

መጀመሪያ ግን ይህን ማንም አላየውም። ፈላጊው በዝቶ ወረፋ ተያዘ፤ ያገለገለችው ከአዲሷ ተወዳ የተሸጠችበት ወቅት ሁሉ ነበር። በ1970 እና በ1971 የፒት ብሮክ ቡድን፣ ጆን ሞርተን እየነዳ፣ የአሜሪካን ብሔራዊ ውድድር በክፍሉ አሸነፈ። ለኛ ሰፈር የሚቀርበው ደግሞ ሳፋሪ ራሊ ነው። የምሥራቅ አፍሪካን ጭቃና አቧራ፣ ድንጋይና ወንዝ በ1971 ኤድጋር ኸርማን፣ በ1973 ሼክሃር ሜህታ በ240ዜድ አሸነፉ። ሜህታ ኡጋንዳ ተወልዶ ያደገ፣ ኢዲ አሚን እስያውያንን ሲያባርር ኬንያ የገባ ሰው ነው። በ1973 ከሌላ ዳትሰን ነጂ ከስዊድናዊው ሃሪ ካልስትሮም ጋር እኩል የቅጣት ነጥብ ይዘው ጨረሱና በመለያ ሕግ አሸነፈ። አገር አልባ ሆኖ በመጣ በዓመቱ አካባቢ ማለት ነው። ሳፋሪን ከዚያ በኋላም አራት ጊዜ አሸንፏል።

ሻጮች ይህን ታሪክ ይወዱታል። «ሳፋሪን ያሸነፈች መኪና እኮ ናት!» ይሏችኋል። የሳፋሪዋ ግን አካሏ ተጠናክሮ፣ ከሥሯ መከላከያ ብረት ተገጥሞላት የሄደች ናት። እናንተ የምትገዟት ሃምሳ ዓመት ዝናብ የመታትን ነው።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ ዋጋዋ ወረደ። ወጣቶች በርካሽ እየገዙ የሼቭሮሌ ቪ8 ሞተር ከተቱባት፣ ፓራፋንጎዋን ቆርጠው ሰፊ ጎማ አጠለቁላት። የኤስ30 ዘር በሙሉ፣ ማለትም 240፣ 260 እና 280ዜድ ተደምረው፣ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ተሠርተዋል፤ እንዳሉ የቀሩት ግን ጥቂት የሆኑት ለዚህ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኒሳን ራሱ አሮጌ 240ዜዶችን ገዝቶ፣ አሳድሶ፣ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ በመሸጫዎቹ ለመሸጥ ሞከረ። ብዙም ሳይሄድ ቆመ። የእድሳት ወጪው ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚናገር የለም፤ መኪናዋን የሠራው ፋብሪካ እንኳ አላዋጣውም። በጥር 2020 ደግሞ እምብዛም ያልተነዳች የ1971 240ዜድ በኢንተርኔት ጨረታ 310,000 ዶላር ተሸጠች። ከዚያ ወዲህ ግቢው ውስጥ የዛገ ዜድ ያለው ሰው ሁሉ ሀብታም የሆነ መስሎታል።

እንግዲህ ወደ ፍተሻው። ይህች መኪና እንደ ፒክአፕ ከሥር ራሱን የቻለ ሻንሲ የላትም። ላሜራዋ ራሱ ሻንሲዋ ነው። ፒክአፕ ካቢናው ቢዝግ ባትላሜራ ጠግኖት መኪናው ይሄዳል። እዚህ ግን የዛገው ወለል እናንተን የሚሸከመው፣ በግጭት ጊዜም የሚከላከልላችሁ ብረት ነው። ስለዚህ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ባትሪ መብራትና ክሪክ ይዛችሁ ሂዱ። ማግኔቱ ያልያዘበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ነው።

ከባትሪው ጀምሩ። የባትሪው አሲድ እየፈሰሰ መጀመሪያ ማስቀመጫውን፣ ቀጥሎ ከሥሩ የሚያልፈውን ዋና ተሸካሚ ብረት ይበላዋል። ማስቀመጫው አዲስ ተቀይሮ ከሆነ ደስ አይበላችሁ፤ ከሥሩ ያለውን እዩ። ከዚያ ምንጣፉን ግለጡ። ወለሉ ላይ ድምፅ እንዲያፍን የተለጠፈ የሬንጅ ዓይነት ንጣፍ አለ፤ ውኃ ከሥሩ ገብቶ አይወጣም። ከመስታወቱ ሥር ያለው የውኃ መውረጃ በቅጠል ሲደፈንም ውኃው ወደ ውስጥ ነው የሚሄደው። ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት፣ ከበሩ በታች ያለችውን ጥግ፣ የትርፍ ጎማውን ጉድጓድ፣ የኋላ በሩ የሚያርፍበትን ጠርዝ በጣት እየጫናችሁ እዩ። መጨረሻ ላይ በክሪክ ከጎኗ አንሷትና በሩን ክፈቱ፣ ዝጉ። መሬት ላይ ደህና ይዘጋ የነበረው በር ስትነሳ ከተጣበቀ ወይም ክፍተቱ ከተቀየረ፣ ወገቧ ሄዷል። ሻጩ ጎማ ከማንሳት ከከለከላችሁ እጅ ነስታችሁ ውጡ።

ከዚያ ወረቀቱ። የአሜሪካዋ 240ዜድ ቁጥር «ኤችኤልኤስ 30» ብሎ ይጀምራል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው፣ ኮፈኑ ሥር ግድግዳው ላይ የተመታው እና ታይትሉ ላይ የተጻፈው አንድ መሆን አለበት። ኮፈኑ ሥር ያለችው ትንሽ ሰሌዳ የሞተሩንም ቁጥር ትናገራለች፤ ከብሎኩ ጋር አስተያዩት። የሞተሩ አለመግጠም ዋጋ ይቀንሳል እንጂ መኪናዋን አይጥላትም። የአካሏ ቁጥር ካልገጠመ ግን እንዳትነኳት።

ሞተሩን በአጭሩ፦ ጠዋት፣ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ እናንተ ባላችሁበት ይነሳ። ቀድሞ የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃል። ለዓመታት የቆመች ከሆነች የነዳጅ ጋኑ ውስጡ ዝጎ ይሆናል፤ ስትነዷት ነዳጅ ማጣሪያውን ይደፍነዋል። መብራቷን አብርታችሁ ፊውዝ ሳጥኑን ንኩት። የፊት መብራቱ ኃይል ያለ ሪሌ በመቀየሪያው ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ እየጋለ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። መፍትሔው ሪሌ ማስገባት ነው፤ ርካሽ ነው። ስትነዱ ጭስ ጭስ የሚሸታችሁ ከሆነ ማርሚታው ብቻ አይደለም፤ የኋላ በሩ ጎማ አርጅቶ ጭሱን ከኋላ ወደ ውስጥ እየሳበው ነው። ይህ የቆየ በሽታዋ ነው።

የቱ ይሻላል ለምትሉኝ፦ 240 በጣም ተወድዷል። የ1974ቱ 260ዜድ በጭስ ሕግ ምክንያት የተገጠሙለት ካርቡራተሮች ሲሞቁ ያስቸግራሉ፤ ብዙ ባለቤቶች አውጥተው የ240ውን ገጥመዋል። ከ1975 እስከ 1978 የተሠራው 280ዜድ ፓራውልቱ ከባድ ነው፣ ክብደትም ጨምሯል፤ ግን 2.8 ሊትር ሞተርና የቦሽ ኢንጀክሽን አለው፣ ሁልጊዜ ይነሳል። እኔን ብትጠይቁኝ ለመንዳት የሚፈልግ ሰው 280ውን ይግዛ። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ እዚያ የጭስ ምርመራ የማይጠየቀው የ1975 እና ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። የ1976ቷ ትጠየቃለች። በአንድ ዓመት ልዩነት ስንት ጣጣ!

ለተማሪዬ ያልኩትም ይኸው ነው፦ ሞተሩ ቢበላሽ ቁርጥ ያለ ዋጋ አለው፣ አውርደህ ታድሰዋለህ። ዝገት ግን ብየዳው ከተጀመረ በኋላ ነው ስፋቱ የሚታወቀው። ስለዚህ ሞተሩ የማይሠራ፣ ወለሉ ደረቅ የሆነ ከበረሃ ግዛት የመጣ ዜድ፣ እንደ ሰዓት ከሚሠራው ግን ከሥሩ ከተቦረቦረው ይሻላል። ካጠራቀመውም ላይ ሢሶውን ያህል ሳይነካ እንዲያስቀምጥ ነግሬዋለሁ፤ የፍሬን፣ የጎማ፣ የነዳጅ ቱቦና የመሪ ጎሚኒዎች የመጀመሪያ ዓመት ሥራ ናቸው። ኢንሹራንሱንም ቀድሞ በተስማሙበት ዋጋ የሚከፍል የሰብሳቢ መኪና ኢንሹራንስ ያድርገው። ተራው ኢንሹራንስ መኪናዋ ብትጋጭ እንደ ማንኛውም የሃምሳ ዓመት አሮጌ ነው የሚገምታት።

አዲስ አበባ ሆናችሁ «እንዴት ላስገባት?» ላላችሁኝ ደግሞ፦ መንግሥት ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ በዚህ መንገድ አትድከሙ። አገር ቤት ከድሮ ጀምሮ የቆመ ካለ ግን፣ የማን እንደሆነ ሳትጽፉ፣ ፎቶውን ኮሜንት ላይ አሳዩኝ። ከሥርም አንሱት።