በወንድ ልብስ መሰወር በአማርኛ የታሪክና የፍቅር ልብ ወለድ

በወንድ ልብስ መሰወር በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ሴት ገጸ ባሕርይ ወንድ መስላ የምትጓዝበት የትረካ ስልት ነው። ስልቱ በመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ በ«ልብ ወለድ ታሪክ» (ጦቢያ) እና በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ይገኛል። በሁለቱም መጻሕፍት ታሪኩ ያለፈ ዘመን ነው፤ ፍቅሩም በእምነት፣ በማዕረግ ወይም በስእለት የተከለከለ ነው።

ጦቢያ

«ልብ ወለድ ታሪክ» በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ተደርሶ በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1908) ሮም ላይ ታተመ። አፈወርቅ በጣና ሐይቅ ዳር በምትገኘው ዘጌ እ.ኤ.አ. በ1868 ተወለደ፤ ጣሊያን አገር ሥዕል ተማረ፤ በኋላም ኔፕልስ ውስጥ አማርኛ አስተማረ። ዛሬ ለድርሰቱ ዓይነት የምንጠቀምበት «ልብ ወለድ» የሚለው ስያሜ ከዚህ መጽሐፍ ርዕስ የመጣ ነው።

ታሪኩ በጦርነት ስለተማረከ አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃና ስለ መንታ ልጆቹ ስለ ዋሕድና ስለ ጦቢያ ነው። ዋሕድ ለአባቱ ውለታ የዋለውን ነጋዴ ፍለጋ ከቤት ወጥቶ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። ጦቢያም ወንድሟን ለመፈለግ ከአባቷ ጋር ስትነሣ የወንድ ልብስ ትለብሳለች። በጉዞው ላይ የአረማዊው ንጉሥ ዘመድ የሆነች ልጃገረድ ጦቢያን ወንድ መስላት ትወዳታለች። ሴትነቷ ሲታወቅ ደግሞ ንጉሡ ራሱ ያፈቅራታል። በመጨረሻ ንጉሡ ክርስትናን ተቀብሎ ጦቢያን ያገባል፤ ልጃገረዲቱም ዋሕድን ታገባለች።

ፍቅር እስከ መቃብር

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ዋናው ታሪክ የሚካሄደው በምሥራቅ ጎጃም፣ በብቸና አካባቢ በምትገኘው በዲማ ጊዮርጊስ ነው። በዛብህ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት የቆሎ ተማሪ ነው። ሰብለ ወንጌል ደግሞ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት፤ አባቷ ለዘሯ የሚመጥን ባል አጣሁላት እያለ የጋብቻ ዕድሜዋን ያሳልፍባታል። በዛብህ ሊያስተምራት ገብቶ ይዋደዳሉ፤ ነገሩ ሲገለጥ እሱ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል። ሰብለም መነኩሴ መስላ ፍለጋውን ትወጣለች፤ የምታገኘው ግን በሞት አፋፍ ላይ ነው።

ከጎጃም ወደ ሸዋ የሚሄድ ሰው የዓባይን ሸለቆ መሻገር አለበት። ዛሬ ዋናው መንገድ ከደጀን ወርዶ ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። መኪና ባልነበረበት ዘመን ለአንዲት የባላባት ልጅ ብቻዋን እንዲህ ያለ ጉዞ ማድረግ የሚያስነውርም የሚያስፈራም ነበር። መነኩሴን ግን መንገደኛ ሁሉ ያከብራል፤ ከየት መጣህም አይለውም። ስለዚህ ቆቡ ለሰብለ መደበቂያም የይለፍ ፈቃድም ሆነላት።

የስልቱ ምንጭና አቻዎች

ሴት መነኩሴ መስላ መኖሯ በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ገድላት የቆየ ታሪክ ነው። መሪና የተባለችው ቅድስት በወንዶች ገዳም ስትኖር ልጅ ወለድክ ተብላ ተከሳ፣ ሴትነቷ የታወቀው ከሞተች በኋላ ነው።

በእንግሊዝኛ የዊልያም ሼክስፒር «ዐሥራ ሁለተኛው ሌሊት» ከጦቢያ ጋር በጣም ይቀራረባል፤ ወንድ መስላ የምትኖረውን ቫዮላን ኦሊቪያ ትወዳታለች፣ መንታ ወንድሟ ሲመጣም እሱን ታገባለች። በማቲው ሉዊስ «መነኩሴው» (እ.ኤ.አ. 1796) ማቲልዳ ሮዛሪዮ የተባለ ወጣት መስላ ገዳም ትገባለች፤ አስማትም ትሠራለች። ይህ መጽሐፍ ጎቲክ የሚባለው፣ ፍርሃትን፣ ምሥጢርን፣ መቃብርንና አስማትን ከፍቅር ጋር የሚያያይዘው ዘርፍ ነው። በዚያው ዘርፍ የሸሪደን ለ ፋኑ «ካርሚላ» (1872) ሴት ለሴት ያላትን መሳብ በደም መጣጭ ታሪክ ውስጥ አቀረበ። የሳራ ዋተርስ «ፊንገርስሚዝ» (2002) ግን የሁለት ሴቶችን ፍቅር ያለ ስውር ዘዴ በግልጽ ይተርካል።

አነባበብ

የጦቢያ ታሪክ በሁለት መንገድ ሊነበብ ይችላል። በአንደኛው የልጃገረዲቱ ፍቅር የስሕተት ውጤት ብቻ ነው፤ እውነቱ ሲገለጥ ነገሩ ይስተካከላል። በሁለተኛው ደግሞ ልጃገረዲቱ የወደደችው ጦቢያን ራሷን ነው፤ ዋሕድ የገባው መልኩ እኅቱን ስለሚመስል ነው። ደራሲው መንታ ወንድም ማዘጋጀቱ ጥያቄውን ሳይመልስ በሰርግ ይዘጋዋል። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» እንዲህ ያለ መሳሳት የለም፤ የሰብለ መሰወር ከአባት ሥልጣን ማምለጫ ነው።

የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ያስቀጣል፤ በኅብረተሰቡም ዘንድ የተወገዘ ነው። በዚህ የተነሣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ሴት ሴትን የወደደችበትን ትዕይንት መያዙ እምብዛም አይነሣም። ትዕይንቱ ግን ከዋናው ታሪክ ሊነጠል አይችልም፤ ያለ እሱ የዋሕድ ጋብቻ ምክንያት ያጣል።