የአትክልት ዘርን ማከም

የአትክልት ዘርን ማከም ማለት ዘሩ ቶሎና እኩል እንዲበቅል ወይም በዘር ከሚተላለፍ በሽታ እንዲጸዳ ከመዝራት በፊት የሚደረግለት ዝግጅት ነው። ዋና ዋናዎቹ ዘዴዎች በውሃ መዘፍዘፍ፣ በሙቅ ውሃ ማከምና በፀረ ፈንገስ መድኃኒት መቀባት ናቸው። ሕክምናው ሕያው ዘርን ያፋጥናል እንጂ የሞተውን አያስነሳም።

በይፋት ቆላ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጣርማ በር በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ወርዶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወደምትገኘው ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። በዚህ ሞቃት ቆላ ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ይመረታሉ። የሁለቱም ዘር በመደብ ላይ ይዘራና ችግኙ ወደ ማሳ ይዛወራል።

የሽንኩርት ዘር ዕድሜው አጭር ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ከተቀመጠ የመብቀል ኃይሉን ፈጥኖ ያጣል። መደቡ ሳይበቅል ከቀረ ገበሬው የዘሩን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የመትከያ ጊዜውንም ያጣል።

የብቅለት ሙከራ

100 ዘር ተቆጥሮ በረጠበ ጨርቅ ይጠቀለላል። ጨርቁ እንዳይደርቅ እየተረጠበ ለ10 ቀን ያህል ይቆያል። የበቀሉት 80 ከሆኑ የዘሩ ብቅለት 80 በመቶ ነው። ቁጥሩ በጣም ካነሰ ሌላ ዘር መፈለግ ይሻላል።

መዘፍዘፍ

አሠራሩ የብቅል አጀማመርን ይመስላል። ለብቅል ገብሱ ተዘፍዝፎ እስኪያጎነቁል ይጠበቃል፤ ለመዝራት ግን ሥሩ ከመውጣቱ በፊት ይቆማል፤ ያጎነቆለ ዘር መልሶ ከደረቀ ይሞታልና። የሽንኩርትና የቲማቲም ዘር በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ 12 ሰዓት ገደማ ከቆየ በኋላ ይጠነፈፋል፤ እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ በጥላ ላዩ እንዲደርቅ ተደርጎ ወዲያው ይዘራል። ውሃ ውስጥ ብዙ ከቆየ አየር ያጥረዋል። የፎሶሊያ ዘር ሲዘፈዘፍ በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ባይዘፈዘፍ ይመረጣል።

በሙቅ ውሃ ማከም

የጎመንና የቲማቲም ዘር በ50 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውሃ ለ25 ደቂቃ ሲቆይ በውስጡ ያሉ ባክቴሪያዎች ይቀንሳሉ። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል። ሙቀቱ በጥቂት ዲግሪ እንኳ ቢያልፍ ዘሩን ስለሚገድል ያለ ቴርሞሜትር መሞከር የለበትም።

ጥንቃቄ

በፋብሪካ መድኃኒት የተቀባ ዘር አብዛኛውን ጊዜ ደማቅ ቀለም አለው። እንዲህ ያለው ዘር አይዘፈዘፍም፤ ለሰውም ለከብትም ለዶሮም ምግብ አይሆንም።

ታሪክ

ከክርስቶስ ልደት በፊት የኖረው ግሪካዊው የዕፅዋት ሊቅ ቴዎፍራስጦስ የኪያር ዘር ተዘፍዝፎ ቢዘራ ቶሎ እንደሚበቅል ጽፏል። በ1973 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የዋልተር ሃይዴከር ቡድን ዘር የሚጠጣውን ውሃ በልዩ ድብልቅ የመወሰን ዘዴን አስተዋወቀ።