ያልተበላሸው ፕሌይስቴሽን

ከዱባይ ደይራ ወይም ከናይሮቢ ኢስሊ ያገለገለ ኤሌክትሮኒክስ እያመጣችሁ የምትሸጡ ሁሉ ይህ ነገር ሳይገጥማችሁ አይቀርም። ደንበኛው በሦስተኛው ቀን ፕሌይስቴሽን 3ቱን በፌስታል አንጠልጥሎ ይመለሳል። “ዋይፋዩ አይሠራም፣ የተበላሸ ዕቃ ነው የሸጥሽልኝ” ይላል። እኔ አንድ ጊዜ ካመጣኋቸው አሥራ ሁለት ዕቃዎች ሰባቱ እንዲህ ተመለሱብኝ። የስድስቱን ገንዘብ መልሼ፣ ዕቃዎቹን በመለዋወጫ ዋጋ በኪሳራ ሸጥኳቸው። ሰባተኛውን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የሰባተኛው ገዢ የሞያሌ እናት ነበረች። ባለቤቷ ዱባይ ይሠራል። ልጇ ማታ ማታ ከአባቱ ጋር በኢንተርኔት ኳስ እንዲጫወት ብላ በዕቁብ ብር ነው የገዛችው። ፕሌይስቴሽን 4 በኢንተርኔት ለመጫወት ክፍያ ይጠይቃል፣ 3ቱ ግን አይጠይቅም፤ እሱን ውሰጂ ብዬ የመከርኳት እኔው ነኝ። አልገናኝ ብሏት ስትመጣ ግን ትዕግሥቴ አልቆ ነበር። “ከእኔ ስትወስጂው ደህና ነበር፤ እናንተው ናችሁ ያበላሻችሁት” ብዬ ባዶ እጇን ሸኘኋት።

ከወራት በኋላ ኢስሊ ውስጥ አንድ የአገራችን ልጅ፣ ጠጋኝ ነው፣ እንዲሁ “የተበላሸ” ፕሌይስቴሽን 3 ሲያገናኝ አየሁ። ዕቃውን አልፈታም፤ ብሎን እንኳ አልነካም። በስልኩ ራውተሩ ውስጥ ገብቶ ሁለት ነገር ቀየረና ተገናኘ። “እትዬ፣ ዕቃው ጤነኛ ነው። ራውተሩ የሚናገረው አዲስ ቋንቋ ነው፣ እሱ ደግሞ የድሮውን ነው የሚያውቀው” አለኝ። ስድስቱን የሸጥኩበት ዋጋ ያኔ ትዝ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ ብዙ አነበብኩ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነጻው ሞገድ

በ1985 የአሜሪካ ፌዴራል የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አንዳንድ የሬዲዮ ሞገዶችን ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ለመገናኛ እንዲጠቀምባቸው ፈቀደ። ከነሱ አንዱ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለው ነው። ማይክሮዌቭ ምድጃ ምግብ የሚያሞቀውም በዚሁ ሞገድ ስለሆነ፣ ለሬዲዮ ሥራ ብዙ የማይፈለግ፣ እንደ ገበያ ዳር ያለ ቦታ ነበር። ነጻ ቦታ ሲገኝ ግን ገበያተኛ አይጠፋም።

በ1997 አይትሪፕልኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር 802.11 የሚባለውን የመጀመሪያ ደንብ አወጣ። ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ነበር። በ1999 ሁለት ተከተሉ፦ 802.11ቢ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ 11 ሜጋቢት፣ 802.11ኤ ደግሞ በ5 ጊጋኸርዝ ላይ 54 ሜጋቢት። ገበያውን የያዘው ርካሹ ቢ ነው። “ዋይፋይ” የሚለውም ስም የወጣው ያኔ ነው፤ 802.11ቢ ብሎ ዕቃ መሸጥ እንደማይቻል ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። በ2003 ጂ በዚያው በ2.4 ላይ 54 ሜጋቢት ይዞ መጣ። በ2009 የጸደቀው ኤን በሁለቱም ሞገዶች ይሠራል። በ2013 የመጣው ኤሲ ግን በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው።

ቁልፉም እንዲሁ ተቀያይሯል። የመጀመሪያው የይለፍ ቃል መጠበቂያ ዌፕ ይባላል። በ2001 ፍሉረር፣ ማንቲንና ሻሚር የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች እንዴት እንደሚሰበር በጽሑፍ አሳዩ። በ2003 ደብሊውፒኤ፣ በ2004 ደብሊውፒኤ2፣ በ2018 ደግሞ ደብሊውፒኤ3 ተተኩ።

በ2006 የተቆለፈው ሳጥን

ፕሌይስቴሽን 3 በኅዳር ወር 2006 በጃፓንና በአሜሪካ ለገበያ ሲቀርብ ሁለት ዓይነት ነበር። 60 ጊጋባይቱ ዋይፋይ አለው። ርካሹ 20 ጊጋባይት ከነጭራሹ የለውም፤ ስለዚህ አሮጌ ዕቃ ስትገዙ መጀመሪያ ይህን እዩ። ዋይፋይ ያለው ቢና ጂን ያውቃል፤ ኤን ገና አልጸደቀም ነበር። 5 ጊጋኸርዝን አይሰማም። ከቁልፎቹ እስከ ደብሊውፒኤ2 ድረስ ያውቃል።

እኛን ነጋዴዎች የሚያታልለን ቀጥሎ ያለው ነው። በ2009 ቀጭኑ፣ በ2012 ደግሞ ይበልጥ ቀጭኑ ወጣ። ሲያዩት አዲስ ይመስላል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። በዋይፋይ በኩል ግን ያው የ2006ቱ ነው፤ ቢና ጂ፣ 2.4 ብቻ።

ኮሜርስ ስንማር ዕቃ በሁለት መንገድ ያረጃል ይሉን ነበር፦ አንዱ አገልግሎ ሲያልቅ፣ ሌላው ራሱ ምንም ሳይሆን ዘመኑ ሲያልፈው። ሁለቱን ለይቶ ያልመዘገበ ሒሳቡ ይሳሳታል። እኔ ፈተናውን አልፌ ሱቄ ውስጥ ወደቅኩ።

ሌሎቹንም በአጭሩ ልንገራችሁ። በ2005 የወጣው ኤክስቦክስ 360 ዋይፋይ በውስጡ የለውም፤ ለብቻው የሚሸጥ ማገናኛ ይፈልጋል። በውስጡ ይዞ የመጣው የ2010ሩ ቀጭን ነው። በ2004 የወጣው ኒንቴንዶ ዲኤስ ደግሞ ከዌፕ ሌላ ቁልፍ አያውቅም። ለሱ ብላችሁ የቤታችሁን ቁልፍ ወደ ዌፕ አታውርዱ፤ ለአንድ መጫወቻ ተብሎ የቤት በር አይከፈትም።

ምን ይደረግ?

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ዕቃውን ከመፍታታችሁ በፊት “ሴቲንግስ”፣ ከዚያ “ኔትወርክ ሴቲንግስ”፣ ከዚያ “ኢንተርኔት ኮኔክሽን ቴስት” ግቡ። ውጤቱ ተራ በተራ ይመጣል፦ አይፒ አድራሻ፣ ኢንተርኔት፣ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ። የትኛው ላይ እንደቆመ ችግሩ የት እንዳለ ይነግራችኋል።

አይፒ አድራሻው ላይ ከቆመ፣ ጠቡ በዕቃውና በራውተሩ መካከል ነው። ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ እነዚህን ተመልከቱ፦

1. የ2.4 ጊጋኸርዙ ሞገድ መከፈቱን አረጋግጡ። 2.4ና 5 በአንድ ስም ከወጡ ለ2.4ቱ የተለየ ስም ስጡት።
2. ቁልፉ ደብሊውፒኤ3 ከሆነ ወደ ደብሊውፒኤ2 ኤኢኤስ መልሱት።
3. “ኤን ብቻ” የሚል ከተመረጠ ጂንም እንዲቀበል አድርጉት።
4. ቻናሉን ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 አንዱን ምረጡ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ዕቃዎች ብዙውን ጊዜ 12ና 13ን አያዩም፤ በእኛ አካባቢ ያሉ ራውተሮች ግን እነዚህን ሊመርጡ ይችላሉ። ዕቃው ከአንድ አገር፣ ራውተሩ ከሌላ አገር ሲመጣ የሚፈጠር ጣጣ ነው።

ኢንተርኔቱን ከስልክ የምታጋሩም ያው ነው። አንድሮይድ ላይ በሆትስፖቱ ምርጫ ውስጥ 2.4ን ምረጡ። ከአይፎን 12 ጀምሮ ባሉት ላይ “ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ” የሚለውን አብሩ።

አይፒው ተገኝቶ ኢንተርኔቱ ላይ ከቆመ፣ በተለይ 80710102 የሚል ቁጥር ካወጣ፣ የዲኤንኤስ ጉዳይ ነው። ዲኤንኤሱን በእጅ 8.8.8.8 እና 8.8.4.4 አድርጉት።

የመጨረሻው ላይ ብቻ ከቆመ ቀኑንና ሰዓቱን እዩ። ዕቃው ውስጥ ሲአር2032 የምትባል ክብ ባትሪ አለች። እሷ ስትሞት ቀኑ ይጠፋል፤ ቀኑ የተሳሳተ ዕቃ ደግሞ የድረ ገጹን የመታወቂያ ሰነድ አያምንም። ቀጥሎ ሶፍትዌሩን አድሱ። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያለው አካውንት ከሆነ የተለመደው የይለፍ ቃል አያስገባም፤ ከአካውንቱ ገጽ ለዕቃው የተለየ የይለፍ ቃል ማውጣት ያስፈልጋል።

በእውነት የተበላሸስ? አለ። በመጀመሪያዎቹ ወፍራሞቹ ላይ ዋይፋዩና የእጅ መቆጣጠሪያው ብሉቱዝ በአንድ ትንሽ ሰሌዳ ላይ ናቸው። መቆጣጠሪያውም ያለ ገመድ ካልሠራ፣ ዋይፋዩም አንድም ኔትወርክ ካላየ፣ ሰሌዳው ሳይሆን አይቀርም። ያኔም ቢሆን ዕቃው አልሞተም፤ ከጀርባው የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ አለ። ጥቂት ሜትር ገመድ ከኪሳራ ያድናል።

አንድ ነገር ግን ለገዢ አትደብቁ። በመጋቢት 2021 ሶኒ የፕሌይስቴሽን 3ን የጨዋታ መሸጫ እዘጋለሁ ብሎ፣ የሰው ቅሬታ ሲበዛ በሚያዝያ ሐሳቡን ለወጠ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ግን በዕቃው ላይ በቀጥታ በካርድ መክፈል ቀረ። የየጨዋታው ባለቤቶችም አገልጋያቸውን በጊዜያቸው ይዘጋሉ። ዋይፋዩ ቢገናኝም የተፈለገው ጨዋታ በኢንተርኔት ላይኖር ይችላል። ገዢው ምን መጫወት እንደሚፈልግ ሳትጠይቁ አትሽጡ።

የሞያሌዋ እናት

በሚቀጥለው ጉዞዬ ሞያሌ ላይ አፈላልጌ አገኘኋት። ዕቃውን አጠገቧ ላለ ልጅ በእርካሽ ሸጣው ነበር። እኔ ያስከፈልኳትን ቆጥሬ ሰጠኋት፤ አንዳንድ የንግድ ጓደኞቼ ሞኝ አሉኝ። እሷ ቡና አፍልታ አጠጣችኝ፤ ስለ ነገሩ ግን ብዙም አላወራችም። ልጁ አባቱን ሳያጫውት አንድ ክረምት ሙሉ አልፏል። ይህን በብር አልመለስኩትም።

አሁን ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋር አንዲት ወረቀት አያይዛለሁ። “ሞገዱ 2.4፣ ቁልፉ ደብሊውፒኤ2፣ ካልሆነ በገመድ፤ አሁንም ካልሆነ ደውሉልኝ” ትላለች። ከዚያ ወዲህ “ዋይፋዩ አይሠራም” ተብሎ የተመለሰብኝ ሁለት ብቻ ነው፤ ሁለቱም በእውነት የተበላሹ ስለነበሩ ገንዘቡን መለስኩ። ወረቀቷን ገልብጣችሁ ተጠቀሙባት፤ ሙያ ተደብቆ የሚያተርፍ ዕቃ አይደለም።