ምስለ ልምምድ

«ምስለ ልምምድ» ሲሙሌሽን ለሚባለው የሥልጠና ስልት የሚስማማ አቻ ስያሜ ሲሆን፣ «ምስለ» ከግእዙ «መሰለ» የወጣ፣ በሹም ፈንታ ያስተዳድር የነበረውን «ምስለኔ»ንም ያስገኘ ቃል ነው፤ ሲሙሌሽንም በላቲን ሥሩ መመሳሰልን ያመለክታል። በቀዶ ሕክምና ትምህርት እንግዲህ የታካሚው ምስለኔ ሣጥን ወይም ኮምፒውተር ነው። ለላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በጠባብ ቀዳዳ ካሜራና ረጃጅም መሣሪያ አስገብቶ ለሚሠራው ቀዶ ሕክምና፣ ሠልጣኙ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል በሣጥኑ ውስጥ ያለችውን ዶቃ ከአንዱ መቆንጠጫ ወደ ሌላው ያሻግራል፤ እጁ ወደ ቀኝ ሲሄድ የመሣሪያው ጫፍ ወደ ግራ ስለሚዞር፣ ምስሉም ጥልቀትን በሚገባ ስለማያሳይ፣ ሙያው በድግግሞሽ እንጂ በንባብ ብቻ አይገኝም። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡባዊ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅም ከአየርላንድ አቻው ጋር ተባብሮ ለሠልጣኞች በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት ዘርግቷል። የኢንተርኔት ትምህርት ግን የእጅ ልምምድን አይተካም፤ ከሰቶ ሰመሮ ሰፈር እስከ አጋሮና ሊሙ ያለው ሕዝብ በሚታከምበት በጅማ፣ ካሜራ የተገጠመለት ሣጥንና ጥቂት የቡና ፍሬ እንኳ ለልምምዱ መነሻ ይበቃሉ፤ የጀማሪ እጅ ስሕተት በሰው ሆድ ውስጥ ሳይሆን በሣጥን ውስጥ ሊታረም ይገባዋልና።